ቅቤ ሻጯና እሳቱ

ከሃይሌ ጋርመንት ወደ ጀሞ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ እሁድ እሁድ የሚቆም አንድ ገበያ ነበር። ሸራው ገና በማለዳ ይወጠራል፤ ጤፉ፣ ሽንኩርቱ፣ እንቁላሉ በየተራው ይደረደራል። ቅቤ ሻጮቹ ግን ከግንቡ ሥር ጥላውን ይዘው ይቀመጣሉ፤ ቅቤና ፀሐይ አይስማሙምና።

ከነዚህ መካከል ዕድሜዋ የገፋ አንዲት ባልቴት ነበረች። ቅቤዋን የምታስመጣው ከሸኖ ነው። እህቷ ከየቤቱ ለቅማ፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ፣ ቅዳሜ ማታ በአይሱዙ ትልክላታለች። ባልቴቷ ለጋውን ለብቻ፣ በሳሉን ለብቻ አድርጋ ትደረድራለች። ዋጋዋ ከሁሉም ይበልጣል። ቢሆንም አራት ሰዓት ሳይሞላ ቅጠሉ ባዶውን ይቀራል። የለቡና የመካኒሳ እመቤቶች ሌላውን ሳያዩ በቀጥታ እሷ ዘንድ ይመጣሉ፤ በጣታቸው ነካ አድርገው ያሸታሉ፣ ከዚያ በኋላ ስለ ዋጋ የሚከራከር የለም።

ከባልቴቷ ቀጥሎ አንዲት ዝምተኛ ሴት ትቀመጥ ነበር። የራሷን ሚዛን ይዛ ነው የምትመጣው። ቅቤዋም ከባልቴቷ ቅቤ ቢያንስ ጥቂት ነው። ከእሷ ወዲያ ደግሞ ልጇን አዝላ ከአገር ቤት የመጣች፣ ጀሞ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር ልጅ እግር እናት አለች። የእሷም ቅቤ ንጹሕ ነው። ግን ከእዚህም ከእዚያም የተለቃቀመ ስለሆነ መዓዛው አያወላዳም። ስድስት ሰዓት ሲሆን ግማሹ ሳይሸጥ ይቀራል፤ ፀሐዩ ጥላውን ሲበላባት ከቅጠሉ ጫፍ መንጠባጠብ ይጀምራል። የቤት ኪራይ ደግሞ ቅቤ ቀለጠ አልቀለጠ ብሎ አይጠብቅም።

አንድ እሁድ እቃዋን ስትሸክፍ አንድ ሰው ሞተር ብስክሌቱን አቁሞ አጠገቧ ቆመ። ይህ ሰው ቅቤ አይሸጥም፣ አይገዛምም።

«እህቴ፣ ሁልጊዜ ይዘሽው ትመለሻለሽ አይደል?» አላት።

«ምን ላድርግ? እትዬ እያሉ ወደኔ ማን ያያል?»

«እትዬ ባዶውን የሚሸጡ መሰለሽ?» ሳቀ። «እንዲህ ያለ ቅቤ ከላም ብቻ ይወጣል ብለሽ ነው? ሁሉም ያደርጉታል። የማታደርጊው አንቺ ብቻ ነሽ።»

ከሞተሩ ኋላ ከታሰረው ሣጥን ነጭ ስብ የያዘ ጀሪካንና በትንሽ ላስቲክ የተቋጠረ ቢጫ ዱቄት አወጣ። ምን እንደሆነ ጠየቀችው። «ማጠንከሪያ ነው፤ ፀሐይ እንዳያሸንፈው ያደርገዋል። ማንንም አይጎዳም» አላት። ዋጋውን ስትጠይቀው «የመጀመሪያውን አትከፍዪም፤ ሲሸጥልሽ እንነጋገራለን» አለ። ልጅቷ ላይ ከጀሪካኑ በላይ የሠራው ግን «ሁሉም ያደርጉታል» ያለው ቃል ነው። ሳምንቱን ሙሉ ከጆሮዋ አልወጣም።

ቅዳሜ ማታ ልጇን አስተኝታ ቅቤውንና ነጩን ስብ በሳፋ ውስጥ ማሸት ጀመረች። መጀመሪያ አልዋሃድ አለ። ሞቅ ስታደርገው ግን እየተለሳለሰ ገባ። ቢጫውን ዱቄት ነስነስ ስታደርግበት የለጋ ቅቤ መልክ አወጣ። አሸተተችው። ምንም ሽታ የለውም። ስለዚህ ከንጹሑ ቅቤ ትንሽ አስቀርታ ከላይ ከላይ ቀባችው፤ ገዢ የሚነካው ላዩን ነውና።

በማግስቱ የሷ ቅቤ በቀትር ፀሐይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ዋጋውም ከባልቴቷ በብዙ ይቀንሳል። ሰው ተሻማበት። የልጇን የትምህርት ቤት ክፍያ ከፈለች፤ ሻል ያለች ክፍልም ተከራየች። ያየ ሁሉ «እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው» አለ። አጠገቧ ያሉት ሻጮች ገበያቸው ሲነጥፍ ነገሩን ጠረጠሩ። ከጠረጠሩትም ውስጥ የሞተር ብስክሌቱን ሰው ራሳቸው ፈልገው ያገኙት ብዙ ናቸው። ሲጠየቁ ሁሉም የሚምሉት በእመቤታችን ነበር።

የገበያው አስተባባሪም አፍንጫ ነበረው። ቅቤ ተራ ገብቶ የቅቤ ሽታ ማጣቱ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ነገር ግን ተራው እንደዚያ ሰው ሞልቶበት አያውቅም፤ የቦታ ኪራዩም ጨምሯል። ዝም አለ። ዝምታውን ሌላው እንደ ፈቃድ ወሰደው።

ባለ ሚዛኗ ሴት ከጥቅምት እስከ ጥር ታገለች። ዋጋ ቀነሰች፣ አልሆነም። ከባልቴቷ ጋር እንዳትወዳደር ስሟ አልገነነም፤ ከሌሎቹ ጋር እንዳትወዳደር እጇን ጀሪካን ውስጥ አላገባችም። ከጥምቀት በኋላ ሚዛኗን ሸጣ ወደ አገሯ ገባች። መሄዷን ልብ ያለ ሰው አልነበረም።

ሁዳዴ ገብቶ ቅቤ ተራው ፈዘዘ፤ የፋሲካ ሳምንት ደግሞ ሰው ጎረፈ። ቅዳሜ ሌሊት በየቤቱ ዶሮው ተበለተ፣ ሽንኩርቱ ቁሌት ገባ፣ ቅቤው ብረት ድስት ላይ ተጣደ። አረፋ አላወጣም። ኮረሪማው፣ ኮሰረቱ፣ አብሹ ገብቶበት እንኳ ቤቱን አላወደውም። ወጡ በረድ ሲል ከላዩ ነጭ ነገር ረጋበት። 55 ቀን ጾሞ ሊገድፍ የተቀመጠ ሰው ላንቃው ላይ ስብ ተለጠፈ። የሕፃናት ሆድ ታወከ።

በዳግማይ ትንሣኤ እሁድ ሰው ወደ ገበያው የመጣው ሊገዛ አልነበረም። መጀመሪያ የተያዘችው ልጅ እግሯ እናት ናት። ሳፋዋ ተገለበጠ፤ ከላይ ቢጫ ከውስጥ ነጭ ሆኖ ታየ። አለቀሰች፣ አመነች። ልጇን አዝላ ከገበያው ወጣች፤ ሁለተኛም እንዳትመለስ ተባለ። ጀሪካኑን ማን እንዳመጣላት የጠየቃት የለም።

ከዚያ ሰዉ ወደ ባልቴቷ ዞረ።

«የእርስዎስ፣ እትዬ?»

«በእመቤቴ፣ ከላም ጡት ከወጣው ሌላ የገባበት ነገር የለም» አለች።

«ልጅቷም በእመቤቴ ብላ ነበር» አለቻት የረጅም ጊዜ ደንበኛዋ። አንድ ጎልማሳም ቀበል አድርጎ «የሁሉም ቅቤ እንዲህ ከሆነ፣ ሁሉንም የሚያስንቀው የእርስዎ እንዴት ንጹሕ ሊሆን ይችላል?» አለ።

ባልቴቷ መልስ አጣች። ልጅቷ በርግጥ ምላለች። በዚያው ስም፣ በዚያው ቃል፣ ባልቴቷ ጎን ተቀምጣ እየሰማች። ከልቧ የምትምለውና በሐሰት የምትምለው ሴት መሐላ በገዢው ጆሮ አንድ ዓይነት ነው። ያን ቀን ባልቴቷ ሳይሸጥ የቀረባትን ቅቤ ተሸክማ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ቅቤዋ መልካም መሆኑ ራሱ ክስ ሆኖባት ነበር።

የልጅ ልጇ ተናደደች። «ዕድሜ ልክዎን አብልተዋቸው እንዲህ ይበሉዎት? ይቅርባቸው! ሁለተኛ አይሂዱላቸው» አለቻት። ባልቴቷ ሳምንቱን በዝምታ ዋለች። እሁድ ሲመጣ ከቅቤዋ ጋር የከሰል ምድጃና ትንሽ ብረት ድስት አሸክማ ወጣች።

አንዲት ሴት እያመነታች ቀረብ ስትል «ከየትኛው ልቁረጥ?» አለቻት። «አንቺው ምረጪ። ከላይ አይደለም፣ ከመሀሉ፤ ከፈለግሽም ከታቹ።» ሴትየዋ ጣቷን ወደ አንዱ ቁራሽ መሀል ሰደደች። ባልቴቷ ከዚያው አውራ ጣት የሚያህል ቆርጣ ድስቱ ላይ ጣለችው። መጀመሪያ ውሃው ተንጣጣ፣ ቀጥሎ ነጭ አረፋ ገነፈለ፤ አረፋው እየሳሳ ሲሄድ ከሥሩ የጠራው ወርቅማ ቅባት ወለል ብሎ ታየ። መዓዛው አስፋልቱን ተሻግሮ ታክሲ ተራው ድረስ ሄደ። ድስቱን አዘንብላ ዝቃጩን አሳየቻቸው። ከአይቡ ጭረት በቀር ምንም የለም።

ያዩት ገዙ። አንዱ ግን ቆሞ «ይህ የዛሬው ነው። የአምናውስ?» አላት። ለዚህም መልስ አልነበራትም፤ የአምናው ተበልቷል። ከዚያ እሁድ ጀምሮ ካነጠረችው ላይ ጥቂት በብልቃጥ እያስቀረች፣ አፉን በሰም እያሸገች፣ ቀኑን ጽፋ ገዢዋን ምልክት ታስደርግበት ጀመር።

አስተባባሪውም አፍሮ፣ ከእንግዲህ በቅቤ ተራ የሚቀመጥ ሁሉ በገዢ ፊት ያንጥር ብሎ ደነገገ። ከሻጮቹ አንዷ «እኔን ሌባ ልትለኝ ነው?» ብላ ተቆጣች። ባልቴቷ ከሰሉን እያራገበች «ልጄ፣ እሳቱ ስድብ አይደለም» አለቻት። «ስድቡ የወረደብን እሳት ባልነበረ ጊዜ ነው።»

ይህ ሁሉ በነፃ አልመጣም። በየእሁዱ ከቅቤዋ ላይ የሚቆረጠው፣ የሚያልቀው ከሰል፣ የሚባክነው ሰዓት ሁሉ ከባልቴቷ ኪስ የሚወጣ ነው። ዕዳውን ያመጡት ሌሎች፣ የምትከፍለው እሷ። ባለ ሚዛኗ ሴት «ለካ የሷም ንጹሕ ነበር» የተባለላት ሚዛኗ በሌላ ሰው እጅ ከገባ በኋላ ነው። የሞተር ብስክሌቱ ሰው ደግሞ ክረምቱ ሳይወጣ በሳሪስ በኩል በሚቆም ሌላ ገበያ ታየ። እቃዋን የምትሸክፍ አንዲት ልጅ ጎን ቆሞ «እህቴ፣ ሁልጊዜ ይዘሽው ትመለሻለሽ አይደል?» ይላት ነበር።

ምሳሌው ይኸው ነው። ቅቤው ሩጫችን ነው። የባልቴቷ ስም በየዘመኑ ይለዋወጣል፤ በ2008 ዓ.ም. አልማዝ አያና ነበር።

ነሐሴ 6 ቀን 2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሊምፒክ አልማዝ 10 ሺህ ሜትርን በ29 ደቂቃ ከ17.45 ሰከንድ ጨረሰች። ከዚያ በፊት የነበረው ክብረ ወሰን የቻይናዋ ዋንግ ጁንሺያ እ.ኤ.አ. በ1993 ያስመዘገበችው 29 ደቂቃ ከ31.78 ሰከንድ ነው፤ 23 ዓመት ሙሉ ማንም አልደረሰበትም ነበር። እኛ እዚህ በደስታ ስንጮኽ በሌላው ዓለም የመጣው የመጀመሪያ ቃል ጥርጣሬ ነበር። በዚያው ውድድር የሮጠችው ስዊድናዊቷ ሳራ ላህቲ እንኳ ማመን እንደከበዳት ተናገረች። ጋዜጠኞች ስለ ዶፒንግ ሲጠይቋት አልማዝ ልምምዷንና ኢየሱስን ጠርታ ንጹሕ መሆኗን መለሰች።

ብዙዎቻችን ያን ጊዜ ጥርጣሬው ቅናትና ንቀት ነው ብለን ፈረድን። ቅናትም ንቀትም አይጠፋበትም። ግን እንደ ምሳሌው ልጅ እግሯ አስቀድማ በሐሰት ምላ ነበር። በዚያው ዓመት መጋቢት የዓለም አቀፉ አትሌቲክስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሴባስቲያን ኮ በፀረ ዶፒንግ ሥራቸው ክፉኛ ወደ ኋላ ቀርተዋል ካላቸው አምስት አገሮች አንዷ አድርጎ ኢትዮጵያን ጠርቷል፤ ሌሎቹ ኬንያ፣ ሞሮኮ፣ ዩክሬንና ቤላሩስ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2016 ጀምሮ በታገደው ሜልዶኒየም የ2015 የቶኪዮ ማራቶን አሸናፊ እንደሻው ነገሰ ተይዟል። ያኔ ለስዊድን ትሮጥ የነበረችው አበባ አረጋዊም በዚያው መድኃኒት ታግዳ፣ መድኃኒቱ ከመከልከሉ በፊት ወስዳው ሊሆን ይችላል ተብሎ እገዳው ከወራት በኋላ ተነስቶላታል። አልማዝ የከፈለችው የነዚህን ሁሉ ሒሳብ ነው።

ፈጣን ሰዓት በራሱ ማስረጃ አይደለም። የሪዮው ሩጫ ከመነሻው የጦዘው ኬንያዊቷ አሊስ አፕሮት ስለመራችው ነው፤ ሁለተኛ የወጣችው ቪቪያን ቼሩዮት ራሷ 29 ደቂቃ ከ32.53 ገብታለች፣ አራት ሴቶችም ከ30 ደቂቃ በታች ጨርሰዋል። የአልማዝ ክብረ ወሰንም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2021 በሲፋን ሐሰን፣ ከሁለት ቀን በኋላ በለተሰንበት ግደይ፣ በ2024 ደግሞ በቢያትሪስ ቼቤት ተሰብሯል። ቅቤው ስላማረ ብቻ የተቀላቀለ ነው ማለት ግፍ ነው። ይህን ግፍ ደግሞ በመሐላም በቁጣም ማስቀረት አይቻልም።

ባለ ሚዛኗ ሴትም አለችን፤ አንድ ብቻ አይደለችም። መሠረት ደፋር እ.ኤ.አ. በ2008 የቤጂንግ ኦሊምፒክ በ5 ሺህ ሜትር ሦስተኛ ወጣች ተብላ ነሐስ አጠለቀች። ከፊቷ የነበረችው ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ የቱርክ ሯጭ ኤልቫን አቤይለገሰ ውጤቷ የተሰረዘው በ2017 ነው። የሶፊያ አሰፋ የለንደን ኦሊምፒክ የመሰናክል ሩጫ ነሐስ ወደ ብር የተለወጠው ሩሲያዊቷ ዛሪፖቫ ከተሰረዘች በኋላ፣ አራት ዓመት ቆይቶ ነው። በዚያው ለንደን በ1,500 ሜትር ለኢትዮጵያ ሮጣ አምስተኛ የገባችው አበባ አረጋዊ ናት፤ ከፊቷ የነበሩት ሁለቱ ቱርኮችና አንዷ ሩሲያዊት በየተራ ሲሰረዙ 12 ዓመት ፈጅቶ ወደ ሁለተኛነት ወጣች። ይህች ከአራት ዓመት በኋላ ራሷ የተጠረጠረችው አበባ ናት። ጥርጣሬ ሰውን ተበዳይና በዳይ ብሎ ለይቶ አይመጣም።

የብዙነሽ ዴባ ነገር ግን ከሁሉም ይከብደኛል። በኒው ዮርክ ብሮንክስ ትኖር የነበረችው ብዙነሽ እ.ኤ.አ. በ2014 የቦስተን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ጨርሳ ሁለተኛ ሆነች። አንደኛዋ ኬንያዊት ሪታ ጄፕቱ ኢፒኦ የተባለው የተከለከለ መድኃኒት ተገኝቶባት በ2016 ውጤቷ ሲሰረዝ ብዙነሽ አሸናፊ፣ ሰዓቷም የቦታው ክብረ ወሰን ተባለ። የሚገባት ተጨማሪ 100 ሺህ ዶላር ግን ለዓመታት አልመጣም፤ አዘጋጆቹ ገንዘቡን ከጄፕቱ ማስመለስ አልቻልንም አሉ። በ2024 ታሪኳን በጋዜጣ ያነበበ አንድ አሜሪካዊ የሩጫ ወዳጅ ከራሱ ኪስ 75 ሺህ ዶላር ሰጣት። ሩጫው ካለቀ 10 ዓመት ሆኖታል። የአንድ ሯጭ ጉልበት የሚቆይበት ዘመን ከዚያ ብዙም አይበልጥም።

ዝም ስላለው የገበያ አስተባባሪ ማወቅ የሚሻ የአሜሪካኖቹን ቤዝቦል ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1994 በሥራ ማቆም አድማ የመጨረሻው ዋንጫ ሳይካሄድ ቀርቶ ተመልካች ሸሽቶ ነበር። በ1998 ማርክ ማግዋየር 70፣ ሳሚ ሶሳ 66 ጊዜ ኳሷን ከሜዳ ውጭ እየላኩ ሕዝቡን መለሱት። የተጫዋቾቹ ክንድ እንዴት እንደዚያ እንደፈረጠመ ያላየ አልነበረም፤ ግን ስታዲየሙ ሞልቷል። ቅጣት ያለበት ምርመራ የተጀመረው በ2004 ነው። በ2007 ጉዳዩን መርምሮ የወጣው የሚቼል ሪፖርት 89 ተጫዋቾችን በስም ጠራ፤ ማግዋየርም ስቴሮይድ መውሰዱን በ2010 አመነ። እኔን የሚያሳዝነኝ ግን እንደ ጄፍ ባግዌል ያሉት ጉዳይ ነው። በምርመራ አልተያዘም፣ በሪፖርቱም ስሙ የለም፤ ቢሆንም በዘመኑና በጡንቻው ብቻ ተጠርጥሮ ወደ ቤዝቦሉ የክብር አዳራሽ ለመግባት ሰባተኛውን ምርጫ፣ 2017ን መጠበቅ ነበረበት። ንጹሕ ከነበረ የሚያስመሰክርበት የለውም፤ ካልነበረም የሚያስይዘው የለም። የአምናው ቅቤ ተበልቷል።

ልጅ እግሯን እናት በተመለከተ አገራችን ጠንክራለች። ዶፒንግ በወንጀል ሕጋችን ያስቀጣል፤ አንድ ወጣት የማራቶን ሯጭ የሦስት ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። ሯጯ ፀሐይ ገመቹም በደም መዝገቧ በታየው ለውጥ የአራት ዓመት እገዳ ተጥሎባት ከመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያስመዘገበችው ሁሉ ተሰርዟል። ጥፋት ያለ ቅጣት አይለፍ። ነገር ግን ኢፒኦ በኩላሊት ሕመም ደሙ ላነሰ ሰው የተሠራ፣ በቅዝቃዜ ተጠብቆ በመርፌ የሚሰጥ፣ ቀይ የደም ሕዋስን የሚያበዛ መድኃኒት ነው። ከገጠር መጥታ ጀሞ ቤት ተከራይታ በዓለም ገና መንገድ ወደ ሰበታ የምትሮጥ የ19 ዓመት ልጅ ብቻዋን አታገኘውም፣ መጠኑንም ብቻዋን አታውቀውም። አንድ ሰው ከፋርማሲ አውጥቶታል፣ አንድ ሰው «ቫይታሚን ነው» ብሎ ወግቷታል፣ አንድ ሰው ከሽልማቷ ድርሻውን ወስዷል። የዓለም ፀረ ዶፒንግ ሕግ ለአቅራቢና ለወጊ ከአራት ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ እገዳ የደነገገው ይህን አውቆ ነው። እኛ ግን የምናውቀው የታገዱትን ሯጮች ስም ነው። የአቅራቢዎቹን ስም አናውቅም።

እሳቱም አለ። በምርመራ ዝርዝር የገባች ሯጭ ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ አንዲት ሰዓት የት እንደምትገኝ አስቀድማ ታስመዘግባለች፤ በ12 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ከታጣች እንደ ጥፋተኛ ትቆጠራለች። ሌሊት 11 ሰዓት በሯ ሲንኳኳ ትከፍታለች። ጠርሙሶቹን የምትመርጠው ራሷ ናት፤ እንደሷ ሴት የሆነች ተቆጣጣሪ እያየቻት 90 ሚሊ ሊትር ሽንት ትሰጣለች፣ «ሀ» እና «ለ» ተብለው በተለዩት ጠርሙሶች ራሷ ከፍላ ራሷ ታሽገዋለች። ውርደት የሚመስላቸው አሉ፤ በተለይ ወላጅና ባል። ከኦሊምፒክ የተወሰደ ናሙና ግን እስከ 10 ዓመት ተጠብቆ እንደገና ይፈተሻል፤ የለንደኖቹን መድረክ በማስተካከል በኩልም ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያዘው የደም መዝገብ ትልቅ ድርሻ ነበረው። ንጹሕ ሯጭ ከዚህ የተሻለ ምስክር የላትም።

ስለዚህ በጀሞ፣ በለቡ፣ በጎፋ፣ በየትም ሰፈር የምትሮጥ ልጅ ያላችሁ፣ በማለዳ የሚያንኳኳውን መርማሪ በክብር አስገቡት። ፋርማሲ ያላችሁ፣ ከሐኪም ቤት የታዘዘ ወረቀት ለሌለው ኢፒኦ አትስጡ፤ ያ መርፌ የሚጠብቀው የኩላሊት ሕመምተኛ አለ። ልጃችሁን ለብቻዋ ወስዶ «ሁሉም ያደርጉታል» የሚላትን ሰው ካያችሁ ደግሞ አሰልጣኝም ይሁን፣ ማናጀርም ይሁን፣ ሐኪምም ይሁን፣ ስሙን ሄዳችሁ ለኢትዮጵያ ፀረ-ዶፒንግ ባለሥልጣን ንገሩ።